ፍቱን መድኃኒት ሲባል ምን ማለት ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሳይንስ ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



በቋንቋችን «ፍቱን መድኃኒት» የሚባል የቆየ አነጋገር አለ። ፍቱን ማለት የተፈተነ፣ ተሞክሮ የተመሰከረለት ማለት ነው። ቃሉ የሚያመሰግነው የመድኃኒቱን ምሬት ወይም የሚሊግራሙን ብዛት አይደለም፤ ሥራውን ሠርቶ መገኘቱን ነው። በመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ግን አዘውትሮ የሚሰማው ሌላ ቃል ነው፤ «ጠንከር ያለውን ስጡኝ» ይባላል። ባለ 500ው ከባለ 250ው ይሻላል፣ ሁለት ፍሬ የዋጠ አንድ ፍሬ ከዋጠው ቀድሞ ይድናል ተብሎ ይታሰባል። ይህ አሳብ ለአንዳንዱ መድኃኒት በመጠኑ እውነት ነው፤ ለሌላው ከንቱ ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ሰው ይገድላል። እኛም ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ነገሩ ከአንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይጀምራል። የተዋጠ ወይም በመርፌ የተሰጠ መድኃኒት በደም አማካይነት በሰውነት ሁሉ ይዳረሳል። ታዲያ ሁሉን ቦታ እየዳሰሰ ሲያልፍ በአንዱ ቦታ ብቻ ሥራ የሚሠራው ለምንድን ነው?

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጆን ላንግሊ የሚባሉ የፊዚዮሎጂ ሊቅ በ1905 ዓ.ም. ለዚህ ጥያቄ ትልቅ መልስ የሆነ ጽሑፍ አሳተሙ። የሠሩት በሁለት መርዞች ነው፤ አንደኛው ከትምባሆ የሚገኘው ኒኮቲን ሲሆን፣ ሁለተኛው በደቡብ አሜሪካ አዳኞች የፍላጻቸውን ጫፍ የሚቀቡት ኩራሬ ነው። ኒኮቲን ለዶሮ ሲሰጥ አንዳንድ ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ ኩራሬ ሲከተለው የተኮማተረው ይፈታል። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ሊቃውንት እንዲህ ያሉት መርዞች የሚሠሩት በነርቭ ጫፍ ላይ ነው ይሉ ነበር። ላንግሊ ግን ወደ ጡንቻው የሚሄደውን ነርቭ ቈርጠው ጫፉ እስኪሞት ድረስ ቆዩ። ከዚያ በኋላም ኒኮቲኑ ጡንቻውን አኮማተረ፤ ኩራሬውም እንደ ቀድሞው ከለከለው። እንግዲህ ነርቩ ሳይኖር ሁለቱም መርዞች ይሠራሉ ማለት ነው። ደግሞ ኩራሬ የያዘው ጡንቻ በኤሌክትሪክ ሲነካ ይኮማተራልና የመኮማተር ኃይሉ አልጠፋም። ስለዚህ ከነርቩም ከሚኮማተረውም አካል የተለየ፣ መርዙን የሚቀበል ሦስተኛ ነገር በጡንቻው ላይ መኖር አለበት ብለው ፈረዱ። ይህንንም «ተቀባይ ነገር» አሉት። በጀርመን አገር ደግሞ ፓውል ኤርሊክ፣ በ1908 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት የተካፈሉት ሊቅ፣ በሌላ መንገድ ሄደው ወደ ተመሳሳይ አሳብ ደርሰው ነበር፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚነገረው ሬሴፕተር የሚለው ስም የመጣው ከእርሳቸው ዘንድ ነው። እኛ በዚህ ንግግር «ተቀባይ» ብቻ እንለዋለን።

በዚያ ዘመን ተቀባይን በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም። የሚታወቀው ሲያስቡትና ሲያሰሉት ብቻ ነበር። በስሌት የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰዱት አርቺባልድ ሂል ሲሆኑ፣ በ1909 ዓ.ም. ስለ ኒኮቲንና ስለ ኩራሬ የጻፉትን ሲያሳትሙ በዚያው በካምብሪጅ ከትምህርት ገበታ ያልራቁ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበሩ። (ይህን ለታናናሾቻችን ስንል ነው የምንጠቅሰው።) ቀጥሎ አልፍሬድ ክላርክ በ1926 ዓ.ም. አሴቲልኮሊን የተባለውን ንጥረ ነገር በእንቁራሪት ልብና በእንቁራሪት የሆድ ጡንቻ ላይ ፈትነው፣ መጠኑን ከምላሹ ጋር አስተያይተው ግልጽ የሆነ ሕግ አወጡ። ሕጉም የምላሹ ብዛት በመድኃኒቱ የተያዙትን ተቀባዮች ብዛት ይከተላል የሚል ነው። ግማሹ ቢያዝ ግማሽ ምላሽ፣ ሁሉም ቢያዝ ሙሉ ምላሽ ይገኛል።

ይህ ሕግ ብቻውን እንኳ «ሁለት ፍሬ ከአንድ ፍሬ ይሻላል» የሚለውን ያርመዋል። አንድ መድኃኒት ከተቀባዮቹ ግማሹን የሚይዝበትን መጠን 1 ብለን እንጥራው። መጠኑን 3 ብናደርገው ከመቶ 75 ይያዛል፤ 9 ብናደርገው ከመቶ 90፤ ከመቶ 99 ለማድረስ ግን 99 ያስፈልጋል። ከ9 ወደ 99 የተጨመረው ዘጠና እጥፍ ያመጣው ጥቅም ዘጠኝ መቶኛ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። የተረፈው መድኃኒት ግን ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ያልታሰቡ ሌሎች ተቀባዮችን ፍለጋ ይሄዳል፤ ሐኪሞች የጎንዮሽ ጉዳት የሚሉት አብዛኛው ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

የክላርክ ሕግ ውብ ቢሆንም ሁለት ነገሮች አስቸገሩት። አንደኛው እንደ አትሮፒን ያሉት መድኃኒቶች ናቸው። አትሮፒን የአሴቲልኮሊንን ተቀባይ አጥብቆ ይይዛል፤ በመያዙ ግን ምንም ምላሽ አይሰጥም፤ ቦታውን ዘግቶ ሌላውን ይከለክላል እንጂ። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ መጠናቸው የፈለገውን ያህል ቢጨመር ግማሽ ወይም ሲሦ ምላሽ ብቻ ሰጥተው የሚቆሙ መድኃኒቶች ተገኙ። ተቀባዮቹ ሁሉ ተይዘዋል፤ ምላሹ ግን ከመንገድ ቀርቷል። እንግዲህ ተቀባይን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ተቀባይን ማሠራት ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

ይህን በግልጽ የተናገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። በሆላንድ በኔይሜኸን ዩኒቨርሲቲ ኤቨርሃርዱስ አሪየንስ በ1954 ዓ.ም. እያንዳንዱ መድኃኒት ከመያዝ ኃይሉ ሌላ የራሱ የሆነ የማሠራት ችሎታ አለው አሉ፤ ችሎታውንም ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ቍጥር ለኩት። በስኮትላንድ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሮበርት ስቲፈንሰን በ1956 ዓ.ም. አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። በእኛ አስተያየት የነገሩ እምብርት ያለው በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

በዚያ ዘመን ሥራው የሚሠራው እንዲህ ነበር። ጊኒ ፒግ ከምትባለው ትንሽ እንስሳ አንጀት አንድ ቁራጭ ተወስዶ የሰውነት ያህል በሞቀ የጨው ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል። ኦክሲጅን ይነፋለታል፤ በክርም ከቀላል ዘንግ ጋር ይታሰራል። አንጀቱ ሲኮማተር ዘንጉ ይነሣና በሚሽከረከር፣ ጥላሸት በጠገበ ወረቀት ላይ ነጭ መስመር ይጭራል። ስቲፈንሰን በእንዲህ ያለው አንጀት ላይ የፈተኗቸው ንጥረ ነገሮች ወንድማማቾች ነበሩ፤ የሁሉም ራስ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚለያዩት በካርቦን ጅራታቸው ርዝመት ነው። ጅራታቸው አጭር የሆነው አንጀቱን እንደ አሴቲልኮሊን በሙሉ ኃይል አኮማተሩት። ጅራቱ እየረዘመ ሲሄድ መካከለኞቹ ጥቂት አኮማትረው ቆሙ። ረጅሞቹ ምንም ሳያኮማትሩ እንደ አትሮፒን ከልካይ ሆኑ። ኬሚስትሪ የምትማሩ ሁሉ ይህን አስተውሉ! አንድ ሁለት ካርቦን በመጨመሩ ብቻ አሠሪ የነበረው ወደ ከልካይነት ይለወጣል። መካከለኞቹም ሁለት ጠባይ አላቸው። ብቻቸውን ሲሰጡ ጥቂት ያሠራሉ፤ ከብርቱው ጋር ሲሰጡ ግን የብርቱውን ሥራ ይቀንሱበታል። እነዚህን «ከፊል አሠሪዎች» እንላቸዋለን።

ስቲፈንሰን ያወጡትን ሕግ በደቦ ምሳሌ ብናስረዳ ይቀላል። አንድ ገበሬ እርሻውን ለማሳጨድ ደቦ ጠራ እንበል፤ ያሉት ማጭዶች መቶ ብቻ ናቸው። ማጭዶቹ ተቀባዮች ናቸው፤ የሚመጡት ሰዎች መድኃኒቱ ናቸው፤ የታጨደው እህል ምላሹ ነው። ክላርክ የቈጠሩት በሰው እጅ የገባውን ማጭድ ብቻ ነበር። ስቲፈንሰን ግን ማጭዱን የጨበጠውን ሰው ጕልበትም ቈጠሩ። አምስት ጐበዞች አምስት ማጭድ ይዘው የእርሻውን እኩሌታ ሊያጭዱ ይችላሉ። ለጠላው የመጡ መቶ ሰነፎች ደግሞ መቶውን ማጭድ ሁሉ ይዘው ከዚያው እኩሌታ ላያልፉ ይችላሉ። የከፋው ነገር ማጭዱ ሁሉ በሰነፎቹ እጅ ከገባ በኋላ ጐበዞቹ ቢደርሱ የሚሠሩበት ማጭድ አለማግኘታቸው ነው። ከፊል አሠሪው ብርቱውን የሚከለክለው በዚህ ዓይነት ነው።

በስሌት ሲነገር የመድኃኒቱ ቅስቀሳ ሁለት ቍጥሮች ተባዝተው የሚገኝ ነው፤ አንዱ የተያዙት ተቀባዮች ክፍልፋይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስቲፈንሰን ኤፊካሲ ያሉት፣ እኛም በጥንቱ ቃላችን «ፍቱንነት» የምንለው ነው። ቅስቀሳው 1 ሲሆን ምላሹ ግማሽ ይሁን ብለው መነሻ አደረጉ። እንግዲህ ፍቱንነቱ 20 የሆነ መድኃኒት ከተቀባዮቹ ከመቶ 5 ብቻ ሲይዝ ግማሽ ምላሽ ያገኛል፤ ሃያ ጊዜ አምስት መቶኛ አንድ ነውና። ፍቱንነቱ 1 የሆነው ያንኑ ግማሽ ለማግኘት ሁሉንም ተቀባይ መያዝ አለበት። ፍቱንነቱ 0 የሆነው ሁሉንም ቢይዝ ምንም አያሠራም፤ እርሱ ከልካይ ነው። ይህ እጅግ ቀላል ስሌት ክላርክን ያስቸገሩትን ሁለቱንም ነገሮች በአንድ ጊዜ ፈታቸው።

ከዚህ የተነሣ ብርቱ መድኃኒት ሲሠራ አብዛኞቹ ተቀባዮች ሳይያዙ ይቀራሉ ማለት ነው። እውነት ነውን? ማርክ ኒከርሰን በዚያው በ1956 ዓ.ም.፣ ሮበርት ፈርችጐትም በእነዚያው ዓመታት፣ ተቀባይን ይዘው ጨርሶ በማይለቁ ንጥረ ነገሮች ፈተኑት። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹን በዚህ መንገድ ከሥራ ውጭ ካደረጉ በኋላ ብርቱው መድኃኒት መጠኑ ሲጨመርለት አሁንም ሙሉ ምላሽ ሰጠ፤ ማጭዱ ቢጐድልም ጐበዞቹ ሥራውን ጨረሱ። ብዙ ተቀባዮች ጠፍተው ምላሹ ካልጐደለ እነዚያ ትርፍ ነበሩ ማለት ነው። ከፊል አሠሪ ግን ትርፍ የለውም፤ ተቀባይ በጐደለ ቍጥር የእርሱም ሥራ ይጐድላል።

እዚህ ላይ ከእኛ መካከል ብዙ ክርክር ያስነሣ ነገር አለ። ፍቱንነት የማን ነው? የመድኃኒቱ ነው ወይስ የአካሉ? ወደ ደቦው ብንመለስ፣ እነዚያው ሰነፎች በትንሽ እርሻ ላይ ቢሰማሩ ሲመሽ ጨርሰው ይገባሉ፤ በሰፊው እርሻ ላይ ግን አይችሉም። እንዲሁም አንድ መድኃኒት ተቀባይ በበዛበት አካል ላይ ሙሉ አሠሪ፣ ተቀባይ ባነሰበት ላይ ከፊል አሠሪ፣ እጅግ ባነሰበት ላይ ከልካይ ሆኖ ይታያል። ፈርችጐት በ1966 ዓ.ም. ይህን ለይተው፣ አንዱ የመድኃኒቱ የራሱ የሆነ የውስጥ ፍቱንነት ነው፣ ሁለተኛው በአካሉ ያለው የተቀባይ ብዛት ነው፣ የሚታየውም ከሁለቱ ብዜት የመጣ ነው አሉ። ስለዚህ «ይህ መድኃኒት ፍቱን ነው» የሚል ሰው የት ላይ እንደ ሆነ ካልጨመረበት ግማሹን ብቻ ተናግሯል።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ መስሎ የሚታያችሁ ቢኖር ወደ ሕሙማን አልጋ እንሂድ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ልባቸው የታመመ ሰዎች የሚረዱበትን ነገር ሲፈልጉ፣ ልብን የሚያስቸኵለውን አድሬናሊንን ከተቀባዩ የሚከለክል መድኃኒት አሰቡ። በ1958 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር በአሜሪካ ተገኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ከፊል አሠሪ ስለ ሆነ ራሱ ልብን ያስቸኵል ነበር። ብላክ የፈለጉት አጥብቆ የሚይዝ፣ ይዞም ፈጽሞ የማያሠራ ነገር ነበር። ፕሮኔታሎል የተባለው መጀመሪያ መጣ፤ አይጦች ላይ ዕጢ ስላወጣ ተተወ። በ1964 ዓ.ም. ፕሮፕራኖሎል ተገኘ፤ ለልብ ሕመምና ለደም ግፊት በዓለም ሁሉ ተሠራበት። ፍቱንነቱ ዜሮ የሆነ ነገር ስመ ጥር መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይዞ አለማሠራት ለሁሉ ሰው ምሕረት አይደለም። የሳንባ ቧንቧዎችን ክፍት አድርጎ የሚጠብቀው ያው አድሬናሊን ነውና፣ አስም ያለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል ቢወስድ ቧንቧው ይጠብና ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል።

ብላክ ቀጥሎ የጨጓራን አሲድ ለመቀነስ ሂስታሚንን የሚከለክል ነገር ሲፈልጉ ያው ከፊል አሠሪ እንደ ገና መንገድ ላይ ቆመባቸው። ከሠሯቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ተቀባዩን በእውነት ይይዝ ነበር፤ ግን ራሱ ጥቂት አሲድ ስለሚያስወጣ ከልካይነቱ ቶሎ አልታየም። ይህ ከታወቀ በኋላ የማሠራት ኃይሉን ቀንሶ የመያዝ ኃይሉን ማስቀረት ትልቁ ሥራ ሆነ። በ1972 ዓ.ም. ቡሪማማይድ ታወቀ፤ በ1976 ዓ.ም. ሲሜቲዲን ለሽያጭ ቀረበ። ከዚያ በፊት ለቢላዋ ይቀርቡ የነበሩ ብዙ የጨጓራ ቍስል ሕሙማን በሚዋጥ ፍሬ መታከም ጀመሩ። ብላክም በ1988 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሞትና የሕይወት ጕዳይ የሚሆነው ግን በሞርፊን ወገን ባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ላይ ነው። ሞርፊን 10 ሚሊግራም፣ ፌንታኒል 0.1 ሚሊግራም፣ ቡፕረኖርፊን 0.3 ሚሊግራም በመርፌ ሲሰጡ ተቀራራቢ የሆነ የማስታገስ ሥራ ይሠራሉ። በመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት እንደሚነገረው «ጠንካራ» በሚለው ቃል ብቻ ብንሄድ ፌንታኒል ሞርፊንን መቶ እጥፍ፣ ቡፕረኖርፊን ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይበልጣሉ ልንል ነው። ይህ የሚናገረው ግን ምን ያህል ትንሽ መጠን እንደሚበቃ ብቻ ነው፤ እስከ የት እንደሚያደርስ አይናገርም። መጠኑ ሲጨመር ሞርፊንም ፌንታኒልም ትንፋሽን እያደከሙ ሄደው ፈጽሞ ሊያቆሙት ይችላሉ። ቡፕረኖርፊን ከፊል አሠሪ ስለ ሆነ ትንፋሽን በጥቂቱ አድክሞ፣ መጠኑ ቢጨመርም ከዚያ ብዙ አያልፍም። በጥቂቱ የሚሠራው መድኃኒት በብዛት ሲሰጥ ከሌሎቹ ይልቅ ለነፍስ የሚራራ ሆኖ መገኘቱ የሚገባን መያዝንና ማሠራትን ስንለይ ብቻ ነው። (ከመጠጥ ወይም ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ሲቀላቀል ግን እርሱም መግደሉን ሳንናገር አናልፍም።)

በዚህ ጠባዩ ምክንያት በአሜሪካ በ2002 ዓ.ም. በሄሮይንና በመሰሎቹ ሱስ ለተያዙ ሰዎች መታከሚያ እንዲሆን ተፈቀደ፤ በ2005 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አገባው። ሱሰኛው ሲወስደው ሰውነቱን ከሚያንቀጠቅጠው ጭንቅ የሚያሳርፍ ያህል ያሠራል፤ ከዚያ በላይ ሄሮይን ቢጨመር ማጭዱ ተይዟልና ሄሮይኑ ቦታ ያጣል። ናሎክሶን የተባለው ደግሞ ፈጽሞ ከልካይ ነው። ሞርፊን ወይም ፌንታኒል በዝቶበት ትንፋሹ ሊቆም ለተቃረበ ሰው በጊዜው ሲሰጥ ተቀባዩን ይነጥቅና ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ መተንፈስ ይጀምራል። ለጤነኛ ሰው ቢሰጥ ግን ምንም የሚታወቅ ነገር አያደርግም።

ስቲፈንሰን ፍቱንነትን ለኩ እንጂ ምን እንደ ሆነ አልነገሩንም። ይህን የጀመሩት ሆሴ ዴል ካስቲዮና በርናርድ ካትስ ናቸው፤ በ1957 ዓ.ም. መድኃኒቱ ተቀባዩን ከያዘ በኋላ ተቀባዩ ራሱ ቅርጹን ይለውጣል፣ ሥራውም የሚጀምረው ሲለወጥ ነው አሉ። በነርቭና በጡንቻ መጋጠሚያ ያለው ተቀባይ እንደ በር ነው፤ አሴቲልኮሊን ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ደካማ መድኃኒት ሲይዘው ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ተዘጋ ይቆያል። ኤርቪን ኔኸርና በርት ዛክማን በ1976 ዓ.ም. የአንዲት በር መከፈትና መዘጋት በኤሌክትሪክ መሣሪያ እስከ መመዝገብ ደረሱ። ብሪያን ኮቢልካና ጓደኞቻቸው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የአድሬናሊን ተቀባይ በሥራ ላይ ሳለ ያለውን ቅርጽ በኤክስሬይ አሳዩ፤ እርሳቸውና ሮበርት ሌፍኮዊትስ በ2012 ዓ.ም. ተሸለሙ። ላንግሊ በዶሮ ጡንቻ ላይ መኖሩን ከፈረዱለት ነገር ወገን የሆነው እንዲህ ባለ ሁኔታ ታየ።

ተቀባይ ቅርጹን የሚለውጥ ከሆነ መድኃኒት ሳይነካው በራሱ ጊዜ ሊለወጥስ አይችልምን? ይችላል። ቶማሶ ኮስታና አልበርት ሄርትስ በ1989 ዓ.ም. ማንም ሳይቀሰቅሳቸው በጥቂቱ የሚሠሩ ተቀባዮች እንዳሉ፣ ያንንም ሥራ የሚያበርዱ መድኃኒቶች እንዳሉ አሳዩ። የእነዚህ ፍቱንነት ከዜሮ በታች ነው፤ በደቦው ውስጥ የታጨደውን መልሶ እንደሚበትን ሰው ናቸው። ለማሳከክና ለጉንፋን የሚሰጡት የሂስታሚን መከላከያዎች አብዛኞቹ ዝም ብለው ከልካይ ይባሉ ነበር፤ ሲመረመሩ ግን ከዚህ ወገን ሆነው ተገኙ።

አሁን በሊቃውንት መካከል ያለው ክርክር ደግሞ አንድ ተቀባይ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ከአንድ በላይ መልእክት ስለመላኩ ነው። አንዱን መልእክት ብቻ የሚያስልክ መድኃኒት ቢገኝ ሕመምን አስታግሦ ትንፋሽን የማይነካ ነገር ይገኛል ብለው ብዙዎች ተስፋ አደረጉ። በዚህ አሳብ የተሠራው ኦሊሴሪዲን በ2020 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት የታተመ አንድ ምርመራ ግን እነዚህ አዳዲስ መድኃኒቶች የተሻሉ ሆነው የታዩት መልእክት ስለ መረጡ ሳይሆን በቀላሉ ፍቱንነታቸው ዝቅ ያለ ከፊል አሠሪዎች ስለ ሆኑ ሊሆን ይችላል አለ። ሕሙማን በሆስፒታል የሚሰጣቸው ቀጣዩ የሕመም ማስታገሻ በየትኛው መንገድ መሠራት እንዳለበት የሚወሰነው በዚህ ክርክር ነው። እኛ ወደ ሁለተኛው አሳብ እናደላለን፤ ከመካከላችን ሁለት ጓደኞቻችን ግን አጥብቀው ይቃወሙናል።

የተናገርነውን በዓይን ማየት የሚፈልግ ቢኖር፣ በትልቅ ወረቀት ላይ ሦስት መስመሮች ሥለን በባዮሎጂ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። በግራ በኩል የሚጀምረው ቀዩ መስመር ፌንታኒል ነው፤ ከእርሱ በስተቀኝ ዘግይቶ ተነሥቶ ከፍ የሚለው ጥቁሩ ሞርፊን ነው። ሰማያዊው ቡፕረኖርፊን ሲሆን ከጥቁሩ ቀድሞ ይነሣና ከመካከል ላይ ተኝቶ ይቀራል። ከሥሩ ያለው ትርፍ ወረቀት ባዶ የተተወው ጥያቄ የሚጽፍበት ሰው ቢኖር ብለን ነው፤ እርሳስም በክር አስረናል።